ለአራት የተለያየ ችሎታ ላላቸው ጋላቢዎች አንድ ኒቦርድ ይበቃል?

ጥያቄ — ሐይቅ ወዳድ

ጤና ይስጥልኝ። በሞተር ጀልባ እየተጎተቱ፣ በጉልበት ተንበርክከው የሚጋልቡበትን ኒቦርድ ለመግዛት አስበን ምርጫው ከጠበቅነው በላይ አስቸጋሪ ሆኖብናል። ተጠቃሚዎቹ አራት ስንሆን ችሎታችን እጅግ የተራራቀ ነው። የ10 ዓመት ልጄ መዋኘት ብትችልም በገመድ ተጎትታ አታውቅም። እኔ ደግሞ ከውሃው ተነሥቼ ቀጥ ብዬ መሄድ እችላለሁ፤ ወደ ጎን ለመውጣት ስሞክር ግን ሰሌዳው ከቁጥጥሬ ውጭ ይሆናል። ባለቤቴ ጀልባዋ ከኋላዋ የምትተወውን ማዕበል ከግራ ወደ ቀኝ ያለ ችግር ትሻገራለች፤ አሁን የምትፈልገው በውሃው ላይ እንዳለች ዙሪያዋን መሽከርከር መማር ነው። የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ከሁላችንም የላቀ ሲሆን ከማዕበሉ ጫፍ ተስፈንጥሮ በአየር ላይ ይገለበጣል።

የምርት መግለጫዎችን ባነበብኩ ቁጥር «ለጀማሪም ለሠለጠነም ተስማሚ» የሚል ሐረግ ያጋጥመኛል። ይሁንና ሰሌዳዎቹን ሳስተያይ አንዱ ወፍራምና ጠርዙ ክብ፣ ሌላው ቀጭንና ጠርዙ ስለታም፣ አንዱ ከሥሩ ፊን የሚባሉ ክንፎች ያሉት፣ ሌላው ደግሞ ከሥሩ ልሙጥ ሆነው አገኛቸዋለሁ። ሁሉም ለሁሉም የሚስማሙ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ልዩነት ባላስፈለገ ነበር። ስለዚህ ጥያቄዬ፣ አራታችንን በአንድ ሰሌዳ ማስተናገድ ይቻላል ወይስ ሁለት መግዛት ግድ ነው? አንድ ብቻ ከሆነስ የማንን ፍላጎት ማስቀደም ይገባናል? ልጄን የሚመለከት የደኅንነት ምክር ካላችሁም በዝርዝር ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

መልስ — ጀልባ ነጂ

የሻጮቹን ሐረግ መጠራጠርዎ ተገቢ ነው። አራታችሁንም እኩል የሚያረካ ሰሌዳ የለም፤ ሦስታችሁን በሚገባ የሚያገለግል ግን አለ። ምክንያቱን ለማስረዳት ከጠርዙ ልጀምር፤ በእኔ አስተያየት የአንድ ኒቦርድ ባሕርይ ከምንም በላይ የሚወሰነው በጠርዙ ነውና።

ጋላቢ አቅጣጫ የሚለውጠው ክብደቱን ወደ አንድ ጎን በማድላት ነው። ሰሌዳው ሲያጋድል በዚያ በኩል ያለው ጠርዝ ወደ ውሃው ይገባና ይይዛል፤ ያን ጊዜ ሰሌዳው ጀልባዋን በቀጥታ መከተሉን ትቶ ወደ ጎን መውጣት ይጀምራል። ጠርዙ ቀጭንና ስለታም ሲሆን ጥቂት ማጋደል ብቻ ውሃውን አጥብቆ እንዲይዝ ያደርገዋል፤ ስለዚህ የሠለጠነው ሰው ወደ ማዕበሉ በኃይል ገስግሶ ከጫፉ ላይ መስፈንጠር ይችላል። ይኸው ጠርዝ ግን ሚዛኑን ገና ያልተቆጣጠረውን ሰው አይምረውም፤ ሳያስበው ባልሆነ አቅጣጫ ትንሽ ሲያዘነብል ጠርዙ ውሃ ይነክስና ጋላቢው ምን እንደሆነ ሳያውቅ በጎኑ ይመታል። ወፍራምና ክብ የሆነው ጠርዝ በአንጻሩ ውሃው በሥሩ ተንሸራትቶ እንዲያልፍ ስለሚፈቅድ ለጀማሪው ሚዛኑን የሚያስተካክልበት ጊዜ ይሰጠዋል፤ ዋጋው ግን የአቅጣጫ ቁጥጥሩ የላላ መሆኑ ነው። ጀማሪና የሠለጠነ ጋላቢ በአንድ ሰሌዳ የማይስማሙት እንግዲህ በዚህ ነጥብ ላይ ነው፤ በሌላው ነገር ሁሉ መቻቻል ይቻላል።

የጠርዙ ውፍረት ከአሠራሩ ጋር የተያያዘ ነው። አብዛኞቹ የመዝናኛ ኒቦርዶች የሚሠሩት ፖሊኢትሊን የተባለው ፕላስቲክ በሚሽከረከር ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ቀልጦ ግድግዳውን እንዲለብስ ከተደረገ በኋላ ባዶው ውስጥ በፎም እየተሞላ ነው። እነዚህ ወፍራም፣ ተንሳፋፊና ጠንካራ ናቸው፤ ከጀልባ ጋር ቢጋጩ፣ በጠጠር ላይ ቢጎተቱ እምብዛም አይጎዱም፤ ዋጋቸውም ይቀንሳል። በሁለተኛው አሠራር የፎም እምብርት በፋይበርግላስ ወይም በግራፋይት ተሸፍኖ በከፍተኛ ግፊት ይታመቃል። ይህ ቀጭን፣ ቀላልና ግትር ሰሌዳ ያስገኛል፤ ጠርዙንም አምራቹ እንደፈለገው ማሾል ይችላል። የወንድምዬው ሰሌዳ ከዚህኛው ወገን መሆን ይኖርበታል፤ የእናንተ የሦስታችሁ ግን ከመጀመሪያው።

ወፍራሙ ሰሌዳ ሌላም ጥቅም አለው። ብዙ አየርና ፎም የያዘ፣ በተለይም ወርዱ ሰፋ ያለ ሰሌዳ በዝቅተኛ ፍጥነት ከውሃው በላይ ስለሚወጣ ነጂው ጀማሪውን ቀስ ብሎ ማንሣት ይችላል። የአብዛኞቹ ርዝመት ከ120 እስከ 140 ሴንቲ ሜትር፣ ወርዳቸው 50 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ በርዝመት የ3 ወይም የ4 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ብዙ አያስጨንቅዎ፤ ወርዱን ግን ያስተውሉ፤ የጎን ሚዛን የሚመጣው ከዚያ ነውና። ሰሌዳው የሚችለውን የጋላቢ ክብደት አምራቹ ከገለጸ፣ የሚመረጠው ከሦስታችሁ በከባዱ ሰው ልክ መሆን አለበት።

ልጅዎ ገና ስለምትጀምር በአፍንጫው፣ ማለትም በፊት ጫፉ ላይ መንጠቆ ያለው ሰሌዳ እንዲገዙ አጥብቄ እመክራለሁ። ጀማሪው ከጥልቅ ውሃ ሲነሣ በሆዱ ሰሌዳው ላይ ይተኛል፤ ጀልባዋ በዝግታ ስትስበው ጉልበቶቹን ወደ መቀመጫው ጎድጓዳ ያስገባል፤ ከዚያ ተረከዙ ላይ ተቀምጦ ማሰሪያውን በጭኑ ላይ ያጠብቃል። መንጠቆው ባይኖር ይህን ሁሉ የሚያደርገው በአንድ እጁ የገመዱን እጀታና የሰሌዳውን አፍንጫ አጣምሮ እንደያዘ ነው፤ የሕፃን እጅ ደግሞ ለዚህ አይበረታም። መንጠቆው ሲኖር እጀታው እዚያ ላይ ስለሚያርፍ ሰሌዳው ራሱ ይጎተታል፤ ልጅቱም ሁለቱን እጆቿን ለሚዛንና ለማሰሪያ ታውላቸዋለች። ተደላድላ ከተቀመጠች በኋላ ግን እጀታውን ከመንጠቆው አንሥታ በእጇ መያዝ አለባት። ገመዱን መንጠቆው ላይ መቋጠር በማንኛውም ሁኔታ አይፈቀድም፤ ስትወድቅ እጀታው በራሱ እንዲወልቅ ያስፈልጋል።

ስለ ፊኖቹም አንድ ነገር ልጨምር። ከሥሩ ፊን ያለው ሰሌዳ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ጅራቱም ወዲያና ወዲህ አይዋዥቅም፤ ለልጅዎና ለእርስዎ ይህ ይጠቅማል። ባለቤትዎ ለመሽከርከር ስትሞክር ግን ፊኑ ውሃውን ይዞ ወደ ነበረችበት አቅጣጫ ይመልሳታል። ስለዚህ የሚታጠፍ ወይም ወደ ውስጥ የሚገባ ፊን ያለው ሰሌዳ ብትመርጡ ሁለቱም ወገን ይረካል፤ ሲያስፈልግ ይወጣል፣ ሳያስፈልግ ይገባል። ሦስታችሁን በአንድ ሰሌዳ አስተናግዱ ያልኳችሁ በዚህ ምክንያት ነው።

መልስ — ማሰሪያህን ፈትሽ

ጀልባ ነጂ ስለ ጠርዙ የጻፈውን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ፤ በፊኑ ጉዳይ ግን አልስማማም። የሚታጠፍ ፊን ተንቀሳቃሽ ክፍል ነው፤ አሸዋ ሲገባበት ይጣበቃል፣ ማጠፊያውም ይላላል። ከዚህ ይልቅ ጋላቢው ቀጥ ብሎ መሄድ እንደቻለ ወዲያው ፊኑን ቢተው ይሻለዋል፤ ፊን ላይ የተደገፈ ሰው ሰሌዳውን በጠርዙ መምራት ይዘገይበታልና። ጠያቂው «ወደ ጎን ስወጣ ከቁጥጥሬ ውጭ ይሆናል» ሲሉ የገለጹት ችግር መፍትሔው ፊን መጨመር ነው ብዬ አላምንም። መጀመሪያ የሚታየው አቀማመጣቸው ነው፤ ወደ ፊት ዘንበል ብለው በክንዳቸው የሚጎተቱ ከሆነ የሰሌዳው አፍንጫ ይጫንና ጅራቱ ይቀላል፣ የቀለለ ጅራት ደግሞ ይሾራል። ተረከዝ ላይ ተቀምጦ፣ ጀርባን አቅንቶ፣ እጀታውን ወደ ወገብ አስጠግቶ መያዝ ከብዙ ፊን ይበልጣል።

ያም ሆነ ይህ እኔ ልናገር የፈለግሁት ስለ ማሰሪያው ነው። ገዢዎች ሰሌዳውን ገልብጠው ሥሩን ሲመረምሩ ይቆዩና ማሰሪያውን ሳያዩት ይሄዳሉ። ጋላቢው ከሰሌዳው ጋር አንድ የሚሆነው በማሰሪያው ነው፤ አደጋም ቢመጣ የሚመጣው በአብዛኛው በእሱ በኩል ነው። ሰሌዳው ተገልብጦ ማሰሪያው ካልተፈታ የጋላቢው ጭንቅላት ከውሃ በታች ይቀራል፤ የሕይወት አድን ጃኬቱ ሽቅብ ቢገፋውም ጭኑ ከሰሌዳው ጋር ስለታሰረ እንደ ልቡ ሊገለበጥ አይችልም። ስለዚህ ማሰሪያ ስትመርጡ በቅድሚያ ጠይቁ፦ በግራም በቀኝም እጅ፣ ሳያዩ፣ በአንድ መሳብ ይፈታል ወይ? የመሳቢያው ጫፍ በእርጥብ ጣት የሚያዝ ትልቅ ነው ወይስ የሚያንሸራትት ትንሽ ቁራጭ?

ወርዱም ወሳኝ ነው። ቀጭን ማሰሪያ ጭን ላይ ይቆርጣል፤ ሰፊና ኒዮፕሪን በተባለ ለስላሳ ጎማ የተለበጠ ከሆነ ግፊቱ ስለሚከፋፈል ሳያሳምም በደንብ ይይዛል። የመዝናኛ ሰሌዳዎች በቬልክሮ፣ ማለትም ተጣብቆ በሚላቀቅ ጨርቅ የሚታሰር አንድ ማሰሪያ ይዘው ይመጣሉ፤ ለሦስታችሁ ይህ ይበቃል። በአየር ላይ ለሚገለበጠው ሰው ግን ከላይ ደርቦ የሚያጠብቅ ሁለተኛ መቆለፊያ ያለው ማሰሪያ ያስፈልገዋል፤ ሰሌዳው በአየር ላይ ከጉልበቱ ትንሽ እንኳ ቢለይ ሲያርፍ የሚመጣው ምት ሙሉ በሙሉ በጉልበቱ መገጣጠሚያ ላይ ያርፋልና። ይህን ድርብ መቆለፊያ ለጀማሪ ማሰር አይገባም።

ከሁሉም በላይ ልብ የማይባለው ልኩ ነው። ለአዋቂ ጭን የተሠራ ማሰሪያ በ10 ዓመት ልጅ ጭን ላይ እስከ መጨረሻው ተስቦም ሊላላ ይችላል፤ ወይም ቬልክሮው ከቬልክሮው ጋር የሚገናኝበት ስፋት በጣም ያንሳል። ልጅቷን ይዛችሁ ሂዱና በደረቅ መሬት ላይ ተንበርክካ ትሞክረው። በመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ግን ያለ ማሰሪያ ብትጋልብ እመርጣለሁ፤ ቀጥ ብሎ በዝግታ ለመሄድ ማሰሪያ አያስፈልግም፣ ስትወድቅም ከሰሌዳው ትለያለች። ማሰሪያው የሚመጣው ተቀምጣ መቆየት ከለመደች በኋላ ነው፤ ያን ጊዜም መጀመሪያ በመሬት ላይ፣ ቀጥሎ አዋቂ አጠገቧ ቆሞ ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ተገልብጣ መፍታት ትለማመድ። ይህን ሳትለማመድ ከጀልባ ኋላ እንዳታስሯት።

ጥያቄ — ሐይቅ ወዳድ

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ስለ ፊኑ ያላችሁን ልዩነት ከባለቤቴ ጋር ተወያይተንበታል፤ እሷ ፊኑ የሚታጠፈውን ትመርጣለች፣ ምክንያቷም ልጃችን ለመሽከርከር እስክትደርስ ጊዜ እንደሚወስድ በማሰብ ነው።

ሁለት ነገሮች ግን አሁንም አልጠሩልኝም። በመጀመሪያ፣ ለአራታችን ምን ያህል ፍጥነትና የገመድ ርዝመት ይስማማናል? ጀልባዋን የምነዳው በአብዛኛው እኔ ስለሆንኩ ይህን በትክክል ማወቅ እፈልጋለሁ። ሁለተኛ፣ ጥቂት ደቂቃ ከጋለብኩ በኋላ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ሕመምና የእግር መደንዘዝ ይሰማኛል። ይህ በሰሌዳው መቀመጫ ምክንያት ነው ወይስ ልማድ ሲሆን የሚጠፋ?

መልስ — ገመድ ያዥ

ከሁለተኛው ጥያቄ ልጀምር፤ ለምርጫው የበለጠ የሚጠቅመው እሱ ነውና። ኒቦርድ ላይ የሰውነት ክብደት የሚያርፈው በታጠፈው ጉልበት፣ በቅልጥሙና ወደ ኋላ በተዘረጋው የእግር ጀርባ ላይ ነው። ቁርጭምጭሚቱ የሚዘረጋበትን መጠን ያለፈ ጫና ሲበዛበት ያማል፤ ጉልበቱ እጅግ ታጥፎ ማሰሪያውም ጭኑን ሲጫን የደም ዝውውር ስለሚታወክ እግር ይደነዝዛል። አንዳንዱ መቀመጫ ለጉልበቱና ለቅልጥሙ የተቀረጸ ጎድጓዳ አለው፣ ከኋላውም ለእግሩ ጀርባ ዝቅ ያለ ቦታ ይተዋል፤ ርካሹ ግን አንድ ወጥ የሆነ ስስ ፎም ብቻ ለጥፎ ይሰጣል። ኢቪኤ የሚባለው ፎም ወፈር ብሎ የተለጠፈበትን፣ ሲጫኑት ረግቦ ቀስ እያለ የሚመለሰውን ይምረጡ። ሱቅ ውስጥ ሰሌዳውን ወለል ላይ አስቀምጠው፣ ጫማዎን አውልቀው፣ ማሰሪያውን አጥብቀው ተንበርክከው ይቆዩ፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ የሚቆረቁርዎ መቀመጫ ውሃ ላይ ይብስበታል። ልማድ ጥቂት ያቀልልዎታል፤ ቀድሞ የጉልበት ወይም የቁርጭምጭሚት ጉዳት የነበረበት ሰው ግን ሐኪም ሳያማክር ባይጀምረው ይሻላል። ሁሉም ሰው ቢሆን ጉዞውን አጭር አድርጎ በመካከሉ እግሩን ቢዘረጋ መልካም ነው።

የመቀመጫው አቀማመጥም የሰሌዳውን ጠባይ ይለውጣል። ሰውየው ወደ አፍንጫው ቢቀርብ ሰሌዳው ፈጥኖ ከውሃ በላይ ይወጣል፤ ነገር ግን በሚነሣበት ጊዜም ሆነ ማዕበል ሲወርድ አፍንጫው ሊጠልቅበት ይችላል። ወደ ጅራቱ ቢሸሽ አፍንጫው ሽቅብ ይነሣል፤ ሰሌዳው ግን ውሃውን እየገፋ ስለሚሄድ ክንድን ያደክማል። ልጅዎ ቀላል ስለሆነች ጎድጓዳው ሰፍቶባት ጉልበቷ ወዲያና ወዲህ እንዳይንሸራተት ይጠንቀቁ።

ጀልባ ነጂ ሳያነሣው ያለፈው ሮከር የሚባለውን ነው፤ ይህም የሰሌዳው አፍንጫና ጅራት ከመካከሉ ምን ያህል ሽቅብ እንደተቀለበሱ የሚያሳይ ነው። ቅልበሳው አነስተኛ የሆነው ሰሌዳ ፈጣን ነው፣ ጠርዙንም በረጅሙ ወደ ውሃው ስለሚያስገባ በማዕበሉ ላይ ለሚገሰግስ ሰው ይመቻል። ቅልበሳው ከፍተኛ የሆነው ደግሞ ዝግ ይላል፤ ነገር ግን በመካከሉ ላይ ስለሚሾር ለመሽከርከር ይቀላል፣ ከማዕበሉ ጫፍም ሽቅብ ይወረውራል፣ ሲያርፍም አፍንጫው ቶሎ አይጠልቅም። ባለቤትዎ መሽከርከርን ስለምትፈልግ፣ ልጅዎም የአፍንጫው መጥለቅ እንዳያስደነግጣት፣ ለጋራው ሰሌዳ መካከለኛ ቅልበሳ ያለውን እመርጣለሁ። የወንድምዬውን ግን እሱ ራሱ ይምረጥ፤ በዚያ ደረጃ ያለ ሰው የሚወደውን ያውቃልና ስጦታ ልስጠው ብላችሁ ባትገዙለት ይሻላል።

ወደ ፍጥነቱ ስንመጣ፣ የሚከተሉት ቁጥሮች መነሻ እንጂ ሕግ አይደሉም። ልጅቷን በሰዓት ከ16 እስከ 22 ኪሎ ሜትር፣ እርስዎን ከ22 እስከ 26፣ ባለቤትዎንና ወንድሟን ከ26 እስከ 32 ባለው መካከል መጎተት ይቻላል። መጨረሻ ላይ ከሚደርሱበት ፍጥነት ይልቅ የሚነሡበት አኳኋን ይበልጥ ያሳስባል። ገመዱ እስኪወጠር ድረስ በዝግታ ይንዱ፤ ጋላቢው ተደላድሎ ተቀምጦ ምልክት እስኪሰጥ ድረስ ነዳጁን አይጫኑ። በድንገት ከሳቡ ጀማሪው ወይ እጀታውን ይለቃል ወይ በአፍንጫው በኩል ይደፋል።

የገመዱ ርዝመት ከ15 እስከ 20 ሜትር ቢሆን ይበቃል። ለመገለባበጥና ለመሽከርከር የማይለጠጥ ገመድ ይመረጣል፤ የሚለጠጠው ጋላቢው ገመዱን ጨክኖ ከሳበ በኋላ በአየር ላይ ሳለ መልሶ ይስበዋልና። ልጅቷ ትቅረበኝ ብለው ገመዱን ከልክ በላይ እንዳያሳጥሩት፤ የሞተሩ ጭስ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ስላለበት፣ የሚጎተት ሰው ከጀልባዋ ጀርባ ቢያንስ 6 ሜትር መራቅ አለበት። በጀልባዋ የኋላ መድረክ ላይ ተቀምጦ እየተጎተቱ መጫወት በዚሁ ምክንያት አደገኛ ነው።

አንድ ነገር ግን ላስጠንቅቅዎ። «የምነዳው በአብዛኛው እኔ ነኝ» ብለዋል፤ ከእርስዎ ጋር ወደ ኋላ ብቻ የሚመለከት ሌላ አዋቂ ጀልባዋ ላይ መኖር አለበት። በብዙ ሀገሮች ሕጉ ራሱ ይህን ያዝዛል፤ ባያዝዝም እንኳ ነጂ ፊቱን ወደ ፊት አድርጎ የወደቀችን ልጅ ሊያይ አይችልም። ምልክቶቹንም ከመነሣታችሁ በፊት ተስማሙባቸው፤ አውራ ጣት ወደ ላይ ማለት ፍጠን፣ ወደ ታች ማለት ቀስ በል፣ መዳፍን በአንገት ላይ ማሳለፍ ሞተሩን አጥፋ ማለት ነው። የወደቀ ሰው ሁለት እጁን ከራሱ በላይ ካገናኘ ደኅና ነኝ ማለቱ ነው፤ ካላገናኘ ወዲያውኑ ተመለሱለት፤ ሲያነሡትም ሞተሩ ይጥፋ።

መልስ — ጀልባ ነጂ

ሮከሩን መዝለሌ እውነት ነው፤ ገመድ ያዥ በሚገባ ሞላልኝ። ማሰሪያህን ፈትሽ ስለ ተንቀሳቃሽ ፊን ያለውን በከፊል እቀበላለሁ፤ አሸዋ ባለበት ዳርቻ ላይ ሰሌዳውን ሥሩን ወደ ታች አድርጎ የሚጎትት ሰው በእርግጥ ማጠፊያውን ያበላሸዋል። ሰሌዳውን ተሸክመው ከሄዱና ከተጠቀሙበት በኋላ በንጹሕ ውሃ ካጠቡት ግን ይህ ችግር ሲገጥም አላየሁም። አቀማመጥን ማስተካከል ከፊን ይቀድማል ያለው ግን ትክክል ነው፤ ሐይቅ ወዳድ ፊኑን አውጥተው ከመጋለባቸው በፊት ያንን ይሞክሩ።

ጥያቄ — ሐይቅ ወዳድ

እንግዲህ ወስነናል። ለሦስታችን አንድ ወፍራም፣ ሰፋ ያለ፣ ባለ መንጠቆ፣ ፊኑ የሚታጠፍና መካከለኛ ሮከር ያለው ሰሌዳ አዲስ እንገዛለን። የባለቤቴ ወንድም ደግሞ ለራሱ ቀጭኑን ከሌላ ሰው ያገለገለ ሊገዛ ነው። ያገለገለ ሲገዛ ምን ምን መመርመር ይኖርበታል?

መልስ — ማሰሪያህን ፈትሽ

ቀጭን ሰሌዳ ሲያረጅ ጉዳቱ አይታይም፤ ስለዚህ በእጁ እየዳሰሰ ይመርምረው። በጠርዙ ዙሪያ ጣቱን ያሳልፍ፤ የፋይበርግላሱ ሽፋን የተሰነጠቀበት ወይም ከእምብርቱ የተላቀቀበት ቦታ ካለ ውሃ ወደ ፎሙ ይገባል። ሰሌዳውን አንሥቶ ያነቃንቀው፤ ውስጡ የሚንቦጫረቅ ድምፅ ካለ ወይም አዲሱ ከሚመዝነው በጣም ከከበደ ውሃ ጠጥቷልና አይግዛው። ሥሩን በመዳፉ ጫን ጫን ያድርግ፤ ለስልሶ የሚሰምጥ ቦታ ካገኘ እምብርቱ ተሰብሯል።

ቀጥሎ የማሰሪያው መያዣ ብሎኖች ይታዩ። በመፍቻ ሲያጠብቃቸው ሳይጠብቁ ዝም ብለው የሚሾሩ ከሆነ ሰሌዳው ውስጥ የተቀበረው ማስገቢያ ተነቅሏል፤ ይህን መጠገን አስቸጋሪ ነው፣ እሱም በሚገለበጥበት ኃይል ማሰሪያው በአንድ ወገን ሊነቀል ይችላል። የመቀመጫው ፎም ዳር ዳሩ የተነሣ ቢሆን ውሃ በሚቋቋም ሙጫ ይለጠፋል፤ ጉልበት የሚያርፍበት ቦታ ጠፍጥፎ ካልተመለሰ ግን አዲስ መቀመጫ ያስፈልገዋል። የማሰሪያው ቬልክሮ ሽፋኑ የተመለጠ ከሆነ ስለ እሱ ከሻጩ ጋር መከራከር አያስፈልግም፤ ማሰሪያ ለብቻው ስለሚሸጥ ሰሌዳው ጥሩ ከሆነ ይግዛውና ማሰሪያውን ውሃ ላይ ሳይወጣ በፊት ይለውጠው። በሚለውጥበት ጊዜም የአዲሱ ማሰሪያ የብሎን ቀዳዳዎች ከሰሌዳው ማስገቢያዎች ርቀት ጋር መግጠማቸውን አስቀድሞ ይለካ፤ የሁሉም አምራቾች ልክ አንድ አይደለምና።